ከበሩ ስር የሚወጣው ቅዝቃዜ

የተሰረቀው ዕቃ በሁለት መዳፍ የሚያዝ ነው። ያም ሆኖ ዓርብ አመሻሽ ላይ ኮሌጁ ስደርስ ግቢው ለቀብር የተሰበሰበ ሰው የሞላው ይመስል ነበር። ዲኑ ላባቸውን እየጠረጉ ከፊት መሩን፤ እኔና ሳጅን አልአሚን ተከተልናቸው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ከብረት መደርደሪያ ላይ ሁለት ጥቁር ማሽኖች ተቀምጠዋል። የታችኛው መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ የላይኛው ጸጥ ብሏል። ፊቱ ላይ መረጃ የሚይዙት ዲስኮች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ባዶ ቀርተው ጥርሱ የረገፈ አፍ መስለዋል። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተጎረጎረም።

«ስለዚህ ዕቃ የማውቀው የለም» አልኩ። «ምን ይሠራ ነበር?»

የመለሰልኝ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አንዷለም ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ጺሙ አድጓል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሳየው አውቀዋለሁ።

«ካሽ ሰርቨር ይባላል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን መስመር ቀጭን ነው፤ ሦስት መቶ ተማሪ አንድ ገጽ ልክፈት ቢል ይታነቃል። ይሄ ማሽን ገጹን አንዴ አምጥቶ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ለጠየቀው ሁሉ ከዚሁ ያድላል። የሰኞው የመውጫ ፈተና ሥዕልና ንባብ የተጫነው በላይኛው ላይ ነበር። የታችኛው ብቻውን አይችለውም።»

«ካልቻለስ?»

«የፈተና ጣቢያነታችን ይሰረዝብናል» አሉ ዲኑ። «ልጆቹ ለሚቀጥለው ዙር ወራት ይጠብቃሉ። ከሸርቆሌ አሉ፣ ከመተከል አሉ። አንዴ ከተበተኑ ግማሾቹ አይመለሱም።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

ሁሉም ዞሮ ያየው አንዲት ግድግዳ የተደገፈች ወጣት ነው። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ቁልፉን እስካሁን በእጇ ጨብጣለች። ነዕማ ዓብዱልላጢፍ ትባላለች፤ የአሶሳ ልጅ ናት፤ እነዚህን ማሽኖች ቀን ከሌት የምትጠብቅ ባለሙያ።

«እኔ ጋ ነበር» አለች። «ወላሂ ግን አልነካሁም። ከምሳ በኋላ ይሄን ክፍል አልከፈትኩም።»

«ያለ አንቺ ማን ይከፍተዋል?» አሉ ዲኑ።

ነገሩ የተፈጠረው እንዲህ ነው። የፈተና ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ፣ የስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የማሽኖቹን ደህንነት የሚያሳይ መቆጣጠሪያ ገጽ ተከፍቶ ነበር። አረንጓዴ ደህና ነው፤ ቀይ ሞቷል። ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ። በስብሰባው መካከል የላይኛው ቀላ። ዲኑ ነበሩ፣ አንዷለም ነበር፣ መምህራኑ ነበሩ፤ ሁሉም በዓይናቸው አይተዋል። በዚያ ሰዓት ብቻዋን ቢሮዋ የነበረች፣ አንድ የቀረውን ቁልፍ የያዘች፣ ነዕማ ናት። መጠባበቂያው ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል።

ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አለቃዬ በስልክ ያለኝም ይህንኑ ነው። ነዕማን ይዤ ሄድኩ። መኪናው ውስጥ አላለቀሰችም። «የታችኛውን ማን ይከታተለዋል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እጇ በካቴና ታስሮ ለማሽኑ የሚጨነቅ ሌባ ስላላየሁ፣ ያ ጥያቄ እስከ ጣቢያ ድረስ ሲከነክነኝ ሄደ።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት የጀመርኩት ከጥበቃው ነው። ጋሽ ሰጠኝ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ናቸው፤ እንደ አባቴ። እኔም ባምባሲ መንገድ ላይ ካለ የሰፈራ መንደር ነው ያደግሁት። አነጋገራቸውን ስሰማ ቤቴ የገባሁ ይመስለኛል። ለምርመራ ይሄ ጥሩ አይደለም፤ ስለዚህ ፊቴን ኮስተር አደረግሁ።

«ጋሽ ሰጠኝ፣ የጥበቃ ቦታዎ የት ነው?»

«እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ከማሽኑ ክፍል በር አጠገብ።»

«ዓርብ ከሰዓት እዚያ ነበሩ?»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ከምሳ በኋላ ማንጎው ስር ነበርኩ።»

«ለምን?»

«ሞቆኝ ነዋ፣ ልጄ።»

«ሌባው ሲገባ እርስዎ ጥላ ስር ተኝተው ነበራ!»

«ኧረ አልተኛሁም፣ በሞቴ! ከማንጎው ስር ሆኜ የሕንጻውን መግቢያ አየዋለሁ። እንግዳ አልገባም።»

አልአሚን በጆሮዬ «ይዋሻሉ» አለኝ። እኔም ቅር ብሎኛል። ሽማግሌው አንድ ነገር አፍረው ደብቀዋል። የደበቁት ግን ስርቆት ይሁን ስንፍና ገና አላወቅሁም።

ቀጥዬ አንዷለም ቢሮ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን ገጽ ሲያየኝ ዘጋው፤ በጨረፍታ ያየሁት የመንገድ ማስታወቂያ ነበር። ወንበር ሳበልኝ።

«ሐዘንዎ የማን ነው?»

«የእናቴ። ማንቡክ ቀብረናት ነው የመጣሁት።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን።»

«ዓርብ ጠዋት ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ። እሷ ጁምዓን ታከብራለች፣ እኔ እሑድን። ዓርብ ጠዋት እኔ እይዛለሁ፤ ከጸሎት ስትመለስ ትረከበኝና እስከ ሰኞ እሷ ጋ ይቆያል። ድሮም እንዲሁ ነው የምንሠራው።»

«ስትረከብ ክፍሉን አብራችሁ አላያችሁትም?»

«አቧራና ሙቀት እንዳይገባ በሩን በቀን አንዴ፣ ጠዋት ብቻ ነው የምንከፍተው። ከዚያ በኋላ ሁሉን የምናየው በገጹ ነው። ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ።» እስከ በሩ ሸኘኝና ቀጠለ፦ «ኢንስፔክተር፣ ነዕማ ላይ አትጨክኑባት። ጎበዝ ልጅ ናት። ምን እንደነካት አላውቅም።»

ደግ ሰው ነው ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን ያስነክሰኛል።

* * *

ከሰዓት በኋላ አንድ ጥቆማ መጣ። ገበያው ዳር ኮምፒውተር የምትጠግነው ገላኔ፣ የኮሌጁ ምልክት የተለጠፈባቸው ዲስኮች አሏት ተባለ። አልአሚን ደስ ብሎት እየዘለለ ነው የሄደው።

ገላኔ የባምባሲ ሴት ናት፤ ምላሷ ከመፍቻዋ ይፈጥናል። ዲስኮቹን ከካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«አኒ? እኔ ሌባ ነኝ እንዴ?» አለች። «ይሄ አምና በጨረታ የገዛሁት ነው። ደረሰኙ ይኸው። አቧራውን አታዪም?»

አየሁ። የዘመናት አቧራ ነው።

«ሰው አዲስ ዲስክ ሊሸጥልሽ አልመጣም?»

«የእነሱን? ማን ይገዛዋል? የእነሱ ማሽን ዲስክ ከሌላ ማሽን አይገጥምም። በዚህ አገር የሚገጥመው አንድ ማሽን ቢኖር እዚያው ኮሌጅ ያለው ነው። ሊሸጥ የሰረቀ ሰው ቢሆን መጀመሪያ እኔን ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም እስቅበት ነበር።»

አልአሚን ፊቱ ወደቀ። እኔ ግን ከዚያ ሱቅ ባዶ እጄን አልወጣሁም። ለመሸጥ ካልሆነ፣ ዲስኩን የወሰደው ሰው የፈለገው ዲስኩን ሳይሆን የዲስኩን አለመኖር ነው። ፈተናው እንዲቀር የሚፈልግ ማን ነው? ነዕማ ፈተናው ቢቀር ምን ታገኛለች? ምንም። እንዲያውም በሰኞው ፈተና የሚመሰገነው የእሷ ሥራ ነው።

አለቃዬ ግን ደወለ። «አመለወርቅ፣ ነገ መዝገቡን አጠናቂና አስረክቢ። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ሌባው ቀረኝ።»

«ታስራለች እኮ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩት። አልሳቀም። እኔም እየቀለድኩ አልነበረም። ያቺን ልጅ ሳላጣራ ለዓቃቤ ሕግ አልሰጥም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሰኞ ከመድረሱ በፊት ዲስኮቹን አገኛለሁ፤ ካላገኘሁ ሦስት መቶ ልጅ ይበተናል።

* * *

እሑድ ረፋድ ላይ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ እንደገና ስንዞር አልአሚን በስልኩ ላይ አጉረመረመ። ሚስቱ ለዘመድ ጥየቃ ከግልገል በለስ ማዶ ነች፤ በሰሞኑ ጎርፍ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ሲጨነቅ ነው የሰነበተው።

«ኢንስፔክተር፣ ይቺ ገጽ ውሸታም ናት።»

«ማን?»

«የመንገድ ማስታወቂያ። ጠዋት ከቤት ስወጣ አየሁ፣ ተከፍቷል ይላል። አሁን እዚህ በኮሌጁ ዋይፋይ አየሁ፣ ተዘግቷል ይላል። ደግሞ ዋይፋዩን ሳጠፋ፣ ተከፍቷል!»

ስልኩን ነጠቅሁት። በኮሌጁ ዋይፋይ፦ ከማንቡክ ወደ ግልገል በለስ ያለው ድልድይ በጎርፍ ተቆርጧል፣ መንገዱ ዝግ ነው። በራሱ የሞባይል ዳታ፦ ጊዜያዊ ድልድይ ስለተሠራ ከዓርብ እኩለ ቀን ጀምሮ ተሽከርካሪ ያልፋል። አንድ ገጽ፣ ሁለት ወሬ።

ሰርቨር ባላውቅም ውሸት አውቃለሁ። በቀጥታ ወደ ጣቢያ ነዳሁ።

ነዕማ ክፍሉ ጥግ ተቀምጣለች። ስልኩን አሳየኋትና «ይሄ እንዴት ይሆናል?» አልኳት።

አየችውና ትከሻዋን ነቀነቀች። «ይሄማ ካሹ ነው። ባለሱቅ በይው። ዕቃ አንዴ ከአዲስ አበባ ያመጣል፤ እስኪያልቅ ከመደርደሪያው ይሸጣል። አንዷለም ዓርብ ጠዋት፣ ለፈተናው መስመር እንዲቀል፣ የቆዩ ገጾች እስከ ሰኞ እንዲያዙ አዟል። ዲኑም ያውቃሉ። ስለዚህ የኮሌጁ ሰው የሚያየው የዓርብ ጠዋቱን ነው።»

«መቆጣጠሪያው ገጽስ?»

«እሱ በካሽ አያልፍም። ማለፍም የለበትም። የበሽተኛን ትኩሳት የትናንቱን እያነበብሽ ልታክሚው ነው?»

«እንዳያልፍ የሚያደርገው ማን ነው?»

«እኔ ወይ አንዷለም።» ያኔ ነው የገባት።

«ነዕማ፣ ዓርብ ከሰዓት ገጹ ላይ ሌላ ምን ይታይ ነበር?»

«የክፍሉ ሙቀት። ሃያ አንድ። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሁሌ ሃያ አንድ።»

ዓርብ ከምሳ በኋላ የከተማው መብራት ጠፍቶ ነበር። እኔ ራሴ ጣቢያ በላብ ተጠምቄ ነው የዋልኩት።

«መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹ ምን ይሆናሉ?»

«እነሱም፣ የቢሮና የአዳራሹ ኮምፒውተሮችም በፀሐይ ባትሪ ይቀጥላሉ። ማቀዝቀዣው ግን በባትሪ አይሠራም። በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው ይቆያል ብዬ ነበር…» ግንባሯን በእጇ መታች። «ያን ያህል ሰዓት ግን አይቆይም! እንዴት አላሰብኩትም?»

* * *

ጋሽ ሰጠኝ ከበሩ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሲሉ እጄን ትከሻቸው ላይ አደረግሁ። ከበሩ ስር ቀዝቃዛ አየር እግሬን ነካኝ።

«ጋሽ ሰጠኝ፣ አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ለጥበቃ ሳይሆን ለዚች ነፋስ ነው እዚህ የሚቀመጡት።»

አንገታቸውን ደፉ። «የአሶሳን ሙቀት ታውቂው የለም? በበሩ ስር የምትመጣው ነፋስ አይደለች በዚህ ዕድሜዬ ያቆየችኝ። ዲኑ ቢሰሙ ቦታህን ለጥቅምህ መረጥክ ይሉኛል ብዬ ነው የደበቅሁት።»

«ዓርብስ?»

«ከምሳ በኋላ ቆመች። ትንሽ ታገሥኩ፤ እንዲያውም ከስር የሚመጣው ሙቀት ሆነ። ያኔ ነው ወደ ማንጎው የሄድኩት።»

በቃ። ክፍሉ ሲግል ገጹ ሃያ አንድ ይል ነበር። ገጹ ዓርብ ከሰዓት ያሳይ የነበረው የዓርብ ጠዋትን ነው። የላይኛው ማሽን በስብሰባው ሰዓት አልሞተም፤ የሞተው ጠዋት ነው። ጠዋት ቁልፉ ነዕማ ጋ አልነበረም።

«ጋሽ ሰጠኝ፣ የአንዷለምን ቤተሰብ ያውቃሉ?» አልኩ፣ ቢሮው ያየሁት የመንገድ ማስታወቂያ ትዝ ብሎኝ።

«እህቱን ነው የማውቃት፣ ስርጉት። እዚሁ ተማሪ ናት፤ ሰኞ ከሚፈተኑት ናት። ለእናቷ ቀብር አብራው ሄዳ፣ እሱ ለሥራ ቀድሞ ተመለሰ፤ እሷ ስትቀር ድልድዩ ተቆረጠ። ስልክም የለም መሰለኝ እዚያ። ምስኪን፣ ስንቱን ለመነ። ሌላ ጊዜ ትፈተን ቢላቸው አይቻልም አሉት። ፈተናው ለሁሉም ከተላለፈ ግን…» አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሰውዬውን ይወዱታል።

* * *

አንዷለም በተከራየው ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ገብቼ ተቀመጥኩ። አልአሚን በሩ ጋ ቆመ።

«ዓርብ ጠዋት ዲስኮቹን አወጣህ» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ወድቋል። «ከዚያ የታችኛውን ማሽን መቆጣጠሪያ ገጹን እስከ ስብሰባው ሰዓት እንዲይዝ አዘዝከው። ሁላችሁም በአንድ ላይ ሆናችሁ ሲቀላ እንድታዩት። ቁልፉ ያኔ ነዕማ ጋ ነው።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«የክፍሉ ሙቀት አለኝ። ጋሽ ሰጠኝም በምስክርነት አሉኝ። እና ይሄ አለኝ።»

የአልአሚንን ስልክ አቀበልኩት። አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ዓርብ እኩለ ቀን። አንተ በየሰዓቱ በኮሌጁ መስመር የምትከፍተው ገጽ የዓርብ ጠዋቱ ነው። እንዲቆይ ያዘዝከውም አንተ ነህ።»

ብዙ ሰው ጥፋቱን ሲያምን አይቻለሁ፤ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይምላል። እሱ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እናታችን ስትሞት የመጨረሻ ቃሏ የስርጉት ትምህርት ነበር» አለ። «የእኔ አደራ ናት። ለሁሉም ቢተላለፍ ማን ይጎዳል ብዬ…»

«ነዕማስ?»

«ማስረጃ ሲታጣ በሁለት ቀን ትፈታለች ብዬ ነበር።»

ተናደድኩ፤ አልደብቅም። «ያቺ ልጅ በካቴና ስትታሰር ስለ ማሽንህ ነበር የጠየቀችኝ። አንተ ደግሞ አትጨክኑባት ብለህ ስታዝንላት ነበር። ዲስኮቹ የት አሉ?»

ከአልጋው ስር ሣጥን ጎትቶ አወጣ። በእናቱ ነጠላ ጠቅልሏቸዋል። አንዱም አልተጫረም። ሊጥላቸው እንዳልቻለ ገባኝ፤ በእጁ ያሳደጋቸው ማሽኖች ናቸው። የራሱን ስልክ ተቀብዬ አጠፋሁትና ከመዝገቡ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። እሱን ደግሞ ነዕማ በወጣችበት ክፍል አስገባነው።

ነዕማ ቤቷ አልሄደችም። እናቷ በጣቢያው በር ላይ አቅፋት ስታለቅስ፣ እሷ ዲስኮቹን በደረቷ እንደያዘች «ዩማ፣ ነገ እመጣለሁ» አለቻት። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ማሽኖች ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። መቆጣጠሪያው ገጽም ዳግመኛ በካሽ እንዳያልፍ አድርጋ፣ እኔንና ዲኑን ፊቷ አቁማ አሳየችን። ዲኑ ይቅርታ ሲጠይቋት «ክፍሉ ሞቋል፣ በሩን ይዝጉልኝ» ብላ ነው የመለሰችላቸው።

* * *

ሰኞ ተማሪዎቹ ሲገቡ የሕንጻው በር ላይ ነበርኩ። መዝገቤ ተዘግቷል፤ ለምን እንደሄድኩ ግን ራሴም አላውቅ። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል አንዲት ጥቁር የለበሰች ልጅ ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች መጣች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ጋሽ ሰጠኝ ሲያዩዋት ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ጋሽ ሰጠኝ፣ ወንድሜ የታለ? በር ላይ እጠብቅሻለሁ ብሎኝ ነበር። ከባምባሲ ጀምሮ እደውላለሁ፣ ስልኩ ዝግ ነው። አመመው እንዴ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። የልጅቷ ወንድም ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው አትደርስም ብሎ ነው፤ እሷ ግን ደርሳለች።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ነዕማ ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«የአንዷለም እህት ነሽ?»

«አዎ! የት ነው ያለው?»

ነዕማ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ወደ እሷ። ወንድሟ ያደረገባትን ብትናገር ማንም አይፈርድባትም ነበር። እጇን ዘርግታ የልጅቷን ቦርሳ ተቀበለቻት።

«ደህና ነው» አለቻት። «ነይ፣ ቦታሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። መስመሩ ይሠራል፤ አትፍሪ።»

«ስትጨርሺ እኔ ወደ እሱ እወስድሻለሁ» አልኳት።

ሮጣ ገባች። ጋሽ ሰጠኝ ኮሪደሩ ላይ ያለውን በርጩማቸውን ለቀቁልኝ። ከበሩ ስር የሚወጣው ቅዝቃዜ እግሬን እየነካ፣ ፈተናው እስኪያልቅ እዚያው ተቀምጬ ጠበቅኋት።